ብሎኑ ሲጠብቅና አጥንቱ ሲይዝ

ኢምፕላንት (በጎደለ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን) ስተክል እጄ ላይ የሚሰማኝ የመጥበቅ ስሜት ለዓመታት ሲያታልለኝ ኖሯል። የቲታኒየሙ ብሎን የመጨረሻ ዙሩን ጨርሶ የቁልፉ የማጥበቅ ኃይል 35 ኒውተን ሴንቲሜትር ሲያልፍ «ይህስ ያዘ» ብዬ ጓንቴን አወልቅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብሎኑን የሚይዘው ግን ግፊትና ሰበቃ ብቻ ሲሆን፣ ከወራት በኋላ የሚይዘው በላዩ የበቀለው አዲስ አጥንት ነው። በመካከሉ፣ በተለይ ከሦስተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ገደማ፣ የተጨመቀው አሮጌ አጥንት እየተሟጠጠ አዲሱ ገና ያልጠነከረበት ጊዜ አለ፤ ታካሚው እብጠቱ ጠፍቶለት በዚያ በኩል ቆሎ መቆርጠም የሚያምረውም በዚሁ ሰሞን ነው። ብሎኑ ከ150 ማይክሮን በላይ፣ ማለትም ከሁለት ፀጉር ውፍረት ብዙም ያልበለጠ፣ ከተነቃነቀ በዙሪያው አጥንት በመብቀል ፈንታ ለስላሳ ሥጋ ሊከበው ይችላል።

ወደ ጫፉ የሚሾልና ጥርሱ ጠለቅ ያለ ብሎን (የጥርስ ሐኪም ስለ ብሎን ጥርስ ሲያወራ ማስገረሙ አይቀርም) እንደ ሰፍነግ በሳሳው የላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ጥሩ አድርጎ ይነክሳል። ይህንኑ ብሎን ግን አንድ ጊዜ ጠንካራ በሆነው የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል፣ ቀዳዳውን በሚገባ ሳላሰፋ፣ በግድ አስገባሁት። በዕለቱ ከተከልኳቸው ሁሉ የጠበቀው እርሱ ነበር፤ በአምስተኛው ሳምንት ግን በጣቴ ፈትቼ አወጣሁት። ከመጠን በላይ የተጨመቀ አጥንት ደም አጥቶ ይሞታል።

ቅርጹ የመጀመሪያውን ቀን ሲያግዝ፣ የብሎኑ ገጽ የሚያግዘው አሮጌው አጥንት ሄዶ አዲሱ ያልጠነከረበትን ያንን ጊዜ ለማሳጠር ነው። የዚህ ሕክምና ፈር ቀዳጅ የሆነው ስዊድናዊው ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. በጎተንበርግ የመጀመሪያውን ታካሚ ሲያክም የተጠቀመበት ብሎን ገጹ ለስላሳ ስለነበር፣ በዚያ ዘዴ ለታችኛው መንጋጋ ሦስት ወር፣ ለላይኛው ስድስት ወር ያህል መጠበቅ የተለመደ ነበር። ዛሬ ገጹ በአሸዋ ተመትቶ በአሲድ ይሻከራል፤ የረጋው ደም አጥብቆ ስለሚይዘው አጥንት ሠሪ ሕዋሳት በቶሎ ይደርሱበታል፣ ጥሩ አጥንት ላይም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሊበቃ ይችላል።

አሁን እጄን ትቼ ብሎኑ ምን ያህል እንደጸና ከአንድ እስከ መቶ የሚቆጥረውን የንዝረት መለኪያ አምናለሁ። በቅርቡ አንዲት እናት የላይኛው መንጋጋቸው ላይ የተከልኩላቸው በመጀመሪያው ቀን 71፣ በአራተኛው ሳምንት 62 አሳየ። «ዶክተር፣ ምንም አያመኝም እኮ፤ ለልጄ ሠርግ ጥርሱን ግጠምልኝ» አሉኝ። ለሠርጉ ጊዜያዊ ተነቃይ ጥርስ ሠራሁላቸው፤ በአሥራ አንደኛው ሳምንት መለኪያው 74 ሲያነብ ቋሚውን ገጠምኩ።