በቀን 350 ፓውንድ

ለንደን ውስጥ ስምንት ዓመት ተቀጥሬ ሠራሁ። ቪዛዬ ከአሠሪዬ ጋር የታሰረ ስለነበር የኮንትራት ሥራ አይታሰብም ነበር። ቋሚ መኖሪያ ያገኘሁ ሰሞን አንድ ኤጀንሲ ደወለልኝ። ሶፍትዌር መፈተሽ ነው፣ ለስድስት ወር፣ በቀን 350 ፓውንድ። "በአምብሬላ ካምፓኒ በኩል ነው" አለኝ። በመካከል ሆኖ ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ማለት ነው፤ እኔ ግን ያኔ ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ክፍያ የገባ ቀን ፔይስሊፑን ይዤ ኩሽና ቁጭ አልኩ። የአምስት ቀኑ 1,750 ነው። ግብሬ ተቆርጦ 1,200 ገደማ ይደርሰኛል ብዬ ለእማዬ የምልከውን ሳይቀር ደልድዬ ጨርሻለሁ። የገባው ከ1,100 በታች ነው። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የአምብሬላው ክፍያ 25። የአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስ፣ ማለትም አሠሪ ለመንግሥት የሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፣ 211። አፕረንቲስሺፕ ሌቪ የሚባል የሙያ ሥልጠና መዋጮ 7 ከምናምን። ይሄ ሁሉ ከወጣ በኋላ የተረፈው ነው "ደመወዝ" የተባለው፤ የኔ ግብር ደግሞ ከዚያ ላይ ይቆረጣል። የዓመት እረፍት ክፍያዬም እዚያው ውስጥ ነው። ለካ 350ው ኤጀንሲው ለአምብሬላው የሚከፍለው ነው። አሠሪዬ አምብሬላው ስለሆነ የናሽናል ኢንሹራንሱን 15 በመቶም ከዚያው ላይ ያነሳል። ሕጋዊ ነው። ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ያ በጣም አናደደኝ።

ጓደኞቼ "ሊሚትድ ክፈት፣ ትገላገላለህ" አሉኝ። ሊሚትድ ማለት ራስህ የምታቋቁመው ካምፓኒ ነው። አካውንታንት ዘንድ ሄድኩ። ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ኮንትራቱ ኢንሳይድ ነው አውትሳይድ?" ብላ ነው። አይ አር 35 የሚባለው የግብር ሕግ ከ2000 ጀምሮ አለ፤ በራስህ ካምፓኒ በኩል ብትሠራም ሥራው እንደ ቅጥር ከሆነ ኢንሳይድ፣ በራስህ እንደሚሠራ ነጋዴ ከሆነ አውትሳይድ ይባላል። ከኤፕሪል 2021 ወዲህ ደግሞ መካከለኛና ትልልቅ የግል ድርጅቶች ራሳቸው ናቸው የሚወስኑት። ኢንሳይድ ካሉህ ሊሚትድ ብትከፍትም ግብሩ እንደ ተቀጣሪ ነው፣ ትርፉ ድካም ብቻ።

ሁለተኛው ኮንትራቴ አውትሳይድ ስለነበር ሊሚትድ ከፈትኩ። እውነት ለመናገር የተሻለ ይተርፋል። የዓመት ትርፉ እስከ 50,000 ፓውንድ ከሆነ የኮርፖሬሽን ታክሱ 19 በመቶ ነው፣ ከትርፉ የራስህን ድርሻ (ዲቪደንድ) ስታወጣ ደግሞ ሌላ ግብር አለ። ከባዱ ነገር ግን የካምፓኒው ብር የኔ እንዳልሆነ መልመድ ነው። ክፍያ በገባ ቁጥር ሲሶውን ወዲያው ወደ ሌላ አካውንት አዞራለሁ። ሥራ ሲቋረጥም ሆነ ስታመም የሚከፍለኝ የለም።

ከሁሉ የምፈራላችሁ ግን "ከክፍያህ 85 በመቶውን እናስገባልሃለን" የሚሉትን አምብሬላዎች ነው። ግብር እንዳይቆረጥበት የክፍያው ግማሽ ብድር ተብሎ ይገባል። ዓመታት ቆይቶ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሲደርስበት ዕዳው ሲመጣ የኖረው በሠራተኛው ስም ነው። ቤተሰብ የበተነ ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ደውሎ "አምብሬላ ይሻለኛል ሊሚትድ?" አለኝ። ኢንሳይድ ይሁን አውትሳይድ አያውቅም። ሳትፈርም ዝርዝር ወረቀቱን ጠይቅ አልኩት፤ ተቆራጩ ሁሉ በምሳሌ የተጻፈበት ነው፣ ኤጀንሲ ከ2020 ጀምሮ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማታ መልሶ ደወለ። ወረቀቱን እሱ እያነበበ፣ እኔ በካልኩሌተር እየቀነስኩ፣ እጁ ላይ የሚቀረው ላይ ደረስን። ዝም አለ። ከዚያ "ነገ 400 እጠይቃቸዋለሁ" አለኝ።