ሶሻል ሴኪዩሪቲ ሠርግሽ ላይ አልተጠራም

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ የሚንከባከብ ድርጅት ቢሮ ነው። የሠራተኛ ፋይል የሚያልፈው በእኔ እጅ ነው። ብዙዎቹ ሠራተኞች የእኛው ልጆች ናቸው። ስለዚህ የሠርግ ሰሞን ሲያልፍ "ጋሼ፣ ስሜን ቀይርልኝ" ይጀመራል፤ ስም የምቀይረው እኔ ይመስል።

አንዷ ግን እኔን ሳታማክር ነው ያለፈችው። መስከረም ላይ አገባች። ከጫጉላ እንደተመለሰች "ከዛሬ ጀምሮ ላስት ኔሜ ይሄ ነው" ብላ ለፔይሮል፣ ማለትም ለደመወዝ ክፍሉ፣ ኢሜይል ላከች። ፔይሮል ላይ ያለችው ሴትዮ ደግ ናት። እንኳን ደስ አለሽ ብላ ባጁንም፣ የሺፍት ሰሌዳውንም፣ የደመወዝ ሲስተሙንም በአዲሱ ስም አደረገችላት። ደመወዙ በሰዓቱ ይገባል፣ ማን ምን ይላል?

ታክስ መሙያው ሲደርስ ስልኳን እንደያዘች ቢሮዬ ገባች። "ጋሼ፣ ታክሳችንን መለሱብን! ባሌ ደግሞ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው እያለኝ ነው።"

"ነይ እስቲ ተቀመጪ" ብዬ ስልኩን ተቀበልኳት። በኢንተርኔት የላኩት ታክስ ውድቅ ሆኗል። ምክንያቱም የሚስት ስምና የሶሻል ቁጥር አይገጥምም የሚል ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት የሆነው አይአርኤስ ታክስ ሲቀበል የላስት ኔምን የመጀመሪያ አራት ፊደላት ከሶሻል ቁጥሩ ጋር ያመሳክራል፤ የሚያመሳክረው ደግሞ ቁጥሩን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ ዘንድ ካለው መዝገብ ጋር ነው። እዚያ ልጅቷ አሁንም በአባቷ ስም ነው ያለችው። አራቱ ፊደላት ካልገጠሙ ኮምፒውተሩ ይመልሰዋል፣ ስለ ሠርግሽ አይጠይቅሽም።

"አግብቻለሁ እኮ ጋሼ!"

"ማግባትሽንማ ማን ካደ። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ግን ሠርግሽ ላይ አልተጠራም።"

ሳቀች፤ ትንሽ ቀለል አላት። ባሏ ግን ሌላ ነገር አሳምኗት ነበር። ባልና ሚስት አብረው ታክስ ለመሙላት የግድ አንድ ላስት ኔም ሊኖራቸው ይገባል ብሏታል። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። የሚፈለገው እያንዳንዱ ስም ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካለው ጋር መግጠሙ ብቻ ነው። በድሮው ስሟ ደግመው ላኩት፣ አለፈ። እኛም በአዲሱ ስም የወጣውን ደብልዩ ቱ፣ የዓመቱን የደመወዝና የታክስ ወረቀት፣ አስተካክለን ላክን።

ፔይሮሏንም ቁጭ ብለን አነጋገርናት። አይአርኤስ ለአሠሪዎች የሚሰጠው መመሪያ ግልጽ ነው፦ ሠራተኛው አዲሱን የሶሻል ካርድ እስኪያሳይ ድረስ ደመወዙ በድሮው ስም ይቀጥላል። ባጅ ላይ የፈለገችውን መጻፍ ይቻላል፣ ደመወዝ ላይ ግን አይቻልም። አሁን ካርዱን ሳላይ ሲስተሙ ላይ ስም የሚነካ የለም። ካርዱ ሲመጣ የሥራ ፈቃድ በሚረጋገጥበት አይ ናይን ፎርም ላይም የስም ለውጡ ይመዘገባል።

ታክሱ ካለፈ በኋላ ልጅቷ ስሙን በሥርዓቱ ልትቀይር ተነሳች። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቢሮ ሄዳ ግን ባዶ እጇን ተመለሰች። ይዛ የሄደችውን አሳየችኝ፤ ቀይ ከፈይ የለበሰ ማኅደር፣ ውስጡ በወርቅ ቀለም ያጌጠ፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅተምና የካህኑ ፊርማ ያለበት የጋብቻ ምስክር ወረቀት። ያምራል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ለመንግሥት ግን አይሆንም። ቨርጂኒያ ውስጥ የጋብቻ ፈቃዱን የሚሰጠው የሰርኪት ፍርድ ቤቱ ክለርክ ነው፤ ያጋባው ሰው ፈርሞ መልሶ የሚያስገባውም እዚያው ነው። ማስረጃ የሚሆነው ክለርኩ ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው ቅጂ ነው። ከአንድ በላይ አውጪ አልኳት፤ አንዱ በፖስታ ሄዶ ሲዘገይ ሌላው ሥራ ይሠራል።

እሱን ይዛ ስትሄድ ተቀበሏት። ክፍያ የለውም፣ ቁጥሩም አይቀየርም፣ የሚቀየረው ካርዱ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። ከዚያ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዲኤምቪ ሄደች፣ ከዚያ ባንክ። የሲኤንኤ (የረዳት ነርስነት) ፈቃዷን ረስታው ነበር፤ እሱንም ነገርኳት። የኛ ልጆች ሁሌም እሱን ነው የሚረሱት፣ እንጀራቸው ግን እሱ ላይ ነው።

ፓስፖርቱን ግን ለጊዜው ተዪው አልኳት። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ልትሄድ ትኬት ቆርጣለች፣ ትኬቱ በድሮው ስም ነው። ትኬትና ፓስፖርት ካልገጠሙ ኤርፖርት ላይ ነው ለቅሶው። ደርሰሽ ስትመለሺ ቀይሪው አልኳት። የአሜሪካ ፓስፖርት ከወጣ ዓመት ካልሞላው የስም ለውጡ በነፃ ነው፤ የእሷ ግን ቆየት ስላለ ለማሳደሻው መክፈሏ አይቀርም።

በነገራችን ላይ እናቷ ወሬውን በስልክ ሲሰሙ "አባትሽ ምን በደለሽ?" ነው ያሏት። እውነታቸውን ነው። የእኛ "ላስት ኔም" የሰው አባት ስም እኮ ነው። ባሏ እዚህ የሚጠራበት የአባቱ ስም ነው፤ እሷም ያንኑ ስትይዝ በእኛ አቆጣጠር የአማቷ ልጅ ሆነች፣ ከባሏ ጋር ደግሞ እህትና ወንድም። አገር ቤት ወረቀት የሚያይ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የ1952ቱ (በእኛ አቆጣጠር) የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ያገባች ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም እንደያዘች ትቀጥላለች ነው የሚለው። እኔ ለራሴ ባለቤቴን ቀይሪ ብያት አላውቅም። ግን የሰው ትዳር ነው፣ ከፈለገች መብቷ ነው። ያገባችው የአሜሪካ ዜግነት ገና ያልወሰደች ሌላ ሴት ከሆነች ደግሞ የዜግነት ማመልከቻው ላይ ስም ልቀይር የሚል ቦታ አለ፤ ለስሙ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፣ ቃለ መሐላው ዳኛ ፊት መሆኑ ነው እንጂ።

በቅርቡ ሌላዋ አግብታ መጣች። "ጋሼ፣ ስም ልቀይር ወይስ ልተው?" አለችኝ። ለምን እንደፈለገችው ስጠይቃት "ልጅ ስወልድ ኤርፖርት ላይ ስማችን አልገጠመም ብለው እንዳያስቸግሩኝ" አለች። ለዚህ ብቻ ከሆነ የልጁን የልደት ሰርተፊኬት ቅጂ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፣ የእናት ስም እዚያ ላይ ተጽፏል አልኳት። ትንሽ አሰበችና "በቃ ልተወው" ብላ ወደ ሺፍቷ ሄደች።