ሐላል ሱቅ ያለ መዝገብ አይቆምም

አማና (ታማኝነት) ያለው ነጋዴ ደንበኛ አያጣም። ያም ሆኖ ደንበኛ ሞልቶለት ካፒታሉ የሚያልቅበት ሱቅ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ዱቤው ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 እስከ ተወሰነ ጊዜ የምትዋዋሉትን ዕዳ ጻፉት ይላል። እኛ ግን «ሲመችህ ትከፍላለህ» ብለን እንሸኛለን፤ ገንዘቡ በሦስተኛው ወር ሲመጣ ያንኑ ዕቃ መልሶ አይገዛም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ዕዳው ላይ መጨመር ደግሞ ሪባ (ወለድ) ነው። ስለዚህ የዱቤ ዋጋው ከእጅ በእጁ የሚለይ ከሆነ ሽያጩ ላይ አንዴ ተቆርጦ ከነመክፈያ ቀኑ ይጻፍ፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይህን ይፈቅዳሉ።

በሙዳረባ የሽርክና ውል አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ሥራ ያመጣል። ትርፉ በድርሻ ነው፤ ለምሳሌ 60 ለ40። «በየወሩ 10 ሺህ ብር» የሚል ውል ስሙ ምንም ይሁን ምን ወለድ ነው። ኪሳራ ከመጣ፣ ሠራተኛው አጥፍቶ ካልሆነ በቀር፣ ገንዘቡ ከባለገንዘቡ ይሄዳል፣ ሠራተኛውም ድካሙ ይቀርበታል። ይህን ቀድሞ አለመጻፍ ወንድማማቾችን ሳይቀር ያጣላል።

ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙራበሃ (ባንኩ ዕቃ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ የሚሸጥበትን ውል) የሚጠይቅ ነጋዴ በዝቷል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ)፣ ከዚያ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ የራሱ ያደርጋል፣ በመጨረሻ ትርፉን ገልጾ ይሸጥልዎታል። ዕቃውን አስቀድሞ ገዝቶ ደረሰኝ ይዞ መሄድ አያስኬድም፤ ባንኩ የሚሸጠው ነገር የለውምና።

ከሁሉ በላይ ግን ሱቅን የሚያጠራው የዘካ ሒሳብ ነው። በጨረቃ አቆጣጠር ዓመት ሲሞላ ለሽያጭ የተቀመጠው ዕቃ ሁሉ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይቆጠራል፤ በገዙበት ዋጋ አይደለም። መደርደሪያ፣ ሚዛንና መኪና አይገቡም። ዕቃው 800 ሺህ፣ ጥሬ ገንዘቡ 150 ሺህ፣ ይሰበሰባል የሚባለው ዱቤ 100 ሺህ፣ አሁን የሚከፈለው የአከፋፋይ ዕዳ 250 ሺህ ብር ቢሆን፣ ሦስቱ ተደምረው ዕዳው ሲቀነስ ቀሪው 800 ሺህ ነው። ይህ ኒሳብ፣ ማለትም ዘካ የሚያስወጣውን ዝቅተኛ መጠን፣ ከሞላ (የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ) 2.5 በመቶው፣ ማለትም 20 ሺህ ብር፣ ይወጣል። የቤት አስቤዛ ከሱቁ መሳቢያ እየተነሳ ከሆነ ግን ቁጥሩ አይገጥምም፤ ለራስ የተወሰነ ወርሃዊ ወጪ ቆርጦ መመዝገብ ግድ ነው።

የቆጠራውን ወረቀት አይጣሉት። ካለፈው ዓመት ዝርዝር ጋር ሲያስተያዩት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ ዘካ ብቻ የወጣበት ዕቃ ይታያል። እሱን በገዙበትም ቢሆን ሸጠው ገንዘቡን ቶሎ ወደሚያልቀው ዕቃ ያዙሩት።