ጂንጋንግሻን፦ የሁለት ገዢዎች ወሰን

ጂንጋንግሻን ስደርስ ጉሙ ወርዶ ከፊቴ ያለው መንገድ እንኳ በቅጡ አይታይም ነበር። ቦታው የቻይናዎቹ ሁናንና ጂያንግሺ ክፍላተ ሀገር የሚዋሰኑበት ነው። ኋላ የኮሚኒስት ቻይና መሪ የሆነው ማኦ ዜዶንግ እ.ኤ.አ. በ1927 የመራው የትጥቅ አመፅ ሲከሽፍበት የተረፉትን ታጣቂዎች ይዞ የወጣው እዚህ ነው።

ገደሉን ያየ ሰው "ተራራው ነው ያዳናቸው" ማለቱ አይቀርም። ቻይና ግን መች ተራራ ቸገራት? ይሄኛውን ለየት ያደረገው ወሰን ላይ መሆኑ ነው። ያኔ ሁናንን አንድ ጄኔራል፣ ጂያንግሺን ሌላው ይዞታል። አይተማመኑም። የሁናን ጦር ሲያሳድድ ወደ ጂያንግሺ ዞር ማለት ነው፤ የጂያንግሺው ሲመጣ ደግሞ ወደ ሁናን። የትኛውም ገዢ የራሱን ወታደር ለጎረቤቱ ጣጣ ማስጨረስ አይፈልግም። ማኦ ራሱ በ1928 ቀዮቹ (ኮሚኒስቶቹ) ሊቆዩ የቻሉት ገዢዎቹ እርስ በርስ ስለሚናከሱ እንደሆነ ጽፏል።

ይህን ጥቅም ቀድመው ያወቁት ግን ሽፍቶች ናቸው። ዩዋን ዌንጻይና ዋንግ ጽዎ የሚባሉ አለቆች ተራራውን ይዘውት ቆይተዋል። ማኦ አልተዋጋቸውም፤ ለዩዋን ጠመንጃ ሰጥቶ ወዳጅ አደረገው። (በ1930 ሁለቱም ያለቁት በቀዮቹ ተከበው ነው። ሙዚየም ስገባ ሁሌ እንዲህ ያለውን ታሪክ ነው የምፈልገው።)

ሁዋንግያንግጂዬ የተባለው የተራራ በር ላይ ብዙ ቆየሁ። ቁልቁለቱ ጉልበት ያንቀጠቅጣል። ነሐሴ 1928 የሁለቱ ክፍላተ ሀገር ወታደሮች በዚህ ሲወጡ ዋናው ቀይ ጦር ሌላ ቦታ ነበር። የቀረው ከአንድ ሻለቃ ያነሰ ሰው ነው። እንደሚተረከው አንድ ሞርታርና ሦስት ቅንቡላ ነበራቸው። ሁለቱ ከሸፉ። ሦስተኛው ሲፈነዳ አጥቂዎቹ ዋናው ጦር የተመለሰ መሰላቸውና በሌሊት ውልቅ አሉ።

ተራራ ይሸሽጋል እንጂ አያበላም። መንገዱ ሲዘጋ ጨው ጠፋ። እህሉ በትከሻ ከቆላ ይወጣል፤ የቀይ ጦሩ አዛዥ ዡ ደ ራሱ ይሸከም ነበር ይባላል። ሁለት ሺህ እንኳ የማይሞላ ሕዝብ ያለው ደጋ በሺህ የሚቆጠር ጦር ሊቀልብ አይችልም። በጥር 1929 ማኦና ዡ ደ ዋናውን ጦር ይዘው ወረዱ። ሄደው የሰፈሩት ጂያንግሺና ፉጂያን የሚዋሰኑበት አገር ላይ ነው።