ጥርስ ያልሆነ የጥርስ ሕመም

ዛሬ ደብረ ብርሃን ልመረምራቸው የተቀበልኳቸው የመንዝ እናት ነገር ከልቤ አልወጣም። ሁለት መንጋጋ ጥርሶቻቸው ተነቅለዋል፤ ሕመሙ ግን አብሮ አልተነቀለም። «ልጄ፣ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ነጠላዬ ጉንጬን ሲነካው፣ ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ ይነሣብኛል» አሉኝ። ድዳቸው ጤነኛ፣ ራጁም ንጹሕ ነው።

በአንድ ወገን ብቻ ለሴኮንዶች የሚቆይና በቀላል ንክኪ የሚቀሰቀስ ሕመም ከጥርስ ይልቅ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል ወደሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ያመለክታል። ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ጉጠት ከማንሣታችሁ በፊት ምን እንደሚቀሰቅሰው ጠይቁ!

ካርባማዜፒን የተባለ የነርቭ ሕመም ማስታገሻ በትንሽ መጠን ተጀምሮላቸዋል። ነርቩን የሚጫን የደም ሥር ወይም ዕጢ እንዳለ ለማየት ለኤምአርአይ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። መድኃኒቱ መጀመሪያ ሰሞን ሊያዞራቸው ስለሚችል፣ በገደሉ መንገድ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ለልጃቸው አደራ ብያለሁ።