የማይነሡት ሁለት ኳሶች

ጅማ፣ ሐምሌ

ሁለቱ ኳሶች ዛሬም አልተነሡም። ዝናቡ ከቀትር በኋላ መውጫ ስላሳጣኝ፣ ከራሴ እጅ የወጣውን የእንፋሎት ሞተር ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቮላኖውን፣ ማለትም ከባዱን መንኮራኩር፣ ሳዞር አመሸሁ። ወጋግራው፣ ከላይ እንደ ሚዛን የሚወዛወዘው ግንድ፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ፒስቶኑ ሳይነቀነቅ ይመላለሳል፤ ጥርሶቹም ሳይጋጩ ይሽከረከራሉ። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ብቻ ሁለት ኳሶቹን ቁልቁል አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ይዞራል።

ሞዴሉ የተወሰደው የእንፋሎት ሞተር ሠሪዎቹ ቦልተንና ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 ከሠሩት ሞተር ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም አጠገብ በነበረው የሶሆ ፋብሪካ ውስጥ 43 የብረታ ብረት ማለስለሻ መኪኖችን ያንቀሳቅስ ነበር፤ እስከ 1858 ድረስ አገልግሎ፣ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ቆሟል። እኔ በዓይኔ አላየሁትም። ከፎቶግራፍና ከንድፍ እየለካሁ፣ እያንዳንዱን ርዝመት ለሃያ እያካፈልሁ ነው የሠራሁት፤ ስለዚህ ቮላኖው ከዳር እስከ ዳር 24 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው፣ ፒስቶኑም በአንድ ምት 6 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል።

ተገዝቶ የተገጠመ ክፍል የለውም ማለት ይቻላል። ዋናው ሞተር ወጋግራው እንጨት ስለሆነ፣ የእኔንም ከዋንዛ ሠራሁት፤ ዋንዛውን ያገኘሁት በርጩማ ከሚፈለፍሉ ባለሙያዎች ዘንድ ከወደቀ ቁራጭ ነው። የማርሾቹ ጥርስ ወይራ ነው። ሲሊንደሩ የመጋረጃ ዘንግ ነበር፤ ቀጫጭኖቹ ዘንጎች ከተሰበረ ጃንጥላና ከብስክሌት ራጂ ወጡ፤ በጅማ ክረምት የተሰበረ ጃንጥላ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ጊዜዬን የበሉት ዳዶዎቹ ናቸው። ገበያ ላይ ያለው ትንሹ ዳዶ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፤ በንድፉ ላይ ያሉት ግን ባለ አራት ማዕዘን ናቸው። ስለዚህ ቀጭን የነሐስ ዘንግ በፒንሳ ይዤ፣ አንዱን ገጽ በሞረድ አራት ጊዜ ገፍቼ፣ ሩብ ዞር አድርጌ እንደገና አራት ጊዜ እየገፋሁ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዳዶ በመጋዝ እቆርጣለሁ። ሲቆረጥ ይፈናጠራል። ከመሬት ሰጋቱራ ውስጥ ፈልጌ ያጣኋቸው፣ ካገኘኋቸው ሳይበልጡ አይቀሩም።

ባለፈው ዓመት ክረምት ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። የወጋግራው ጫፍ ሲወጣና ሲወርድ ቅስት ይሠራል፤ የፒስቶኑ ዘንግ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። በቀደሙት ሞተሮች ፒስቶኑ ወጋግራውን ወደ ታች ብቻ ይጎትት ስለነበር ሰንሰለት ይበቃ ነበር፤ ዋት እንፋሎቱን ከላይም ከታችም ሲያስገባ ግን ፒስቶኑ መግፋትም ጀመረ፣ በሰንሰለት ደግሞ አይገፋም። በ1784 ያገኘው መፍትሔ፣ ትይዩ እንቅስቃሴ የሚባለው፣ ጥቂት ዘንጎችን በአራት ማዕዘን አያይዞ የአንዱን ቅስት በሌላው ቅስት የሚያጣፋ ነው። ወረቀት ላይ ለመረዳት ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል፤ ሠርቼ ሳንቀሳቅሰው ግን ወዲያው ገባኝ። ዝናቡ ሲጠና ግን ዋንዛው እርጥበት ጠጥቶ አበጠ፤ የአንዱ ቀዳዳ ቦታ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልክ ፈቀቅ በማለቱ ብቻ የፒስቶኑ ዘንግ ተጣመመ። እንጨቱን ምድጃ አጠገብ ሰቅዬ አደረቅሁት፣ ቀዳዳዎቹን በነሐስ ቱቦ አልብሼ፣ ሁለንተናውን ቫርኒሽ ቀባሁት። ከዚያ ወዲህ አላስቸገረኝም።

ኳሶቹ ግን በሞረድም በቫርኒሽም የሚድኑ አልሆኑም። ሥራቸው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ተወርውረው ይነሣሉ፣ ሲነሡም የእንፋሎቱን በር ያጠባሉ፤ ሲዘገይ ይወርዳሉ፣ በሩም ይሰፋል። መጀመሪያ ከአሮጌ ኩሽኔታ ያወጣኋቸው የብረት ኳሶች ከብደው መሰለኝና በእንጨት ዶቃ ለወጥኋቸው። ምንም አልተለወጠም፤ ሊለወጥም አይችልም ነበር። ኳሱ ሲከብድ ወደ ታች የሚስበውም ወደ ውጭ የሚወረውረውም ኃይል እኩል ያድጋሉ፣ ሲቀልም እኩል ያንሳሉ። ቁም ነገሩ ያለው የዙሩ ፍጥነትና የክንዱ ርዝመት ላይ ነው። እኔ ክንዱን በሃያ አሳጥሬዋለሁ፤ የምድርን ስበት ግን በሃያ የሚያካፍል የለም። ስለዚህ የእኔዎቹ ኳሶች እንደ ትልልቆቹ እንዲነሡ የሃያ ካሬ ሥር ያህል፣ ማለትም አራት ተኩል ጊዜ ያህል ፈጥነው መዞር ይኖርባቸዋል። ሞተሩን በሙሉ ባፈጥነው ደግሞ ያ ረጋ ያለ፣ በደቂቃ 25 ምልልስ እንዲሆን የወሰንሁለት አካሄድ ጠፍቶ የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ኳሶቹን ከፍቼ በኮላ ላጣብቃቸው ከጅሎኝ ነበር። ማን ያውቅብኛል?

ሲመሽ አዛውንቱ ጎረቤቴ ለቡና ሊጠሩኝ ገቡ። ዕድሜያቸውን በቡና መቀሸሪያ ውስጥ በሞተረኛነት የጨረሱ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ጎንበስ አሉና፣ “ይቺንስ አውቃታለሁ፤ የእኛዋ ግን ሞላ ነበራት” አሉ። ጣጣዬን ስነግራቸው ሳቁ። “ኳሱን ምን አስነካህ? እኛ ቡናው እየተሰባበረ ሲያስቸግረን ሞተሩን መቼ ነካነው! ፑሌጃ ለወጥን እንጂ።”

“ልክ ነው፣ ጋሼ፤ ግን ኳሶቹን የሚያዞረው ፑሌጃ ከተለወጠ ከንድፉ ይወጣል” አልኋቸው።

“ይውጣ! መሥራት አለበት ወይስ መምሰል?”

መልስ አልነበረኝም። ቡናውን ጠጥቼ ስመለስ ያሰብሁት ስለ ዋት ራሱ ነበር። በ1763 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ እንዲጠግን የተሰጠው፣ ከእሱ በፊት የነበረው የእንፋሎት ሞተር፣ የኒውኮመን ሞተር የሚባለው፣ ማስተማሪያ ሞዴል ነበር፤ የሲሊንደሩ ስፋት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ። ተጠግኖም ጥቂት ምት መትቶ እንፋሎቱ ያልቅበት ነበር። ትንሽ ሲሊንደር ከያዘው እንፋሎት አንጻር ገጹ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በትልቁ ሞተር ላይ ሳይታይ የሚያልፈው ብክነት በትንሹ ላይ አፍጥጦ ወጣ። ዋት እንፋሎቱ ከሲሊንደሩ ውጭ፣ በተለየ ዕቃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ማድረግን ያሰበው ከዚያ ነገር ተነሥቶ ነው፤ መብቱንም በ1769 አስመዘገበ። ሞዴሉ እንደ ትልቁ እሺ ብሎ ቢሠራለት ኖሮ ያን ያህል ባላሰበበት ነበር እላለሁ።

ስለዚህ ፑሌጃዎቹን እለውጣለሁ። ነጂውን ሁለት እጥፍ አሳድጌ፣ ተነጂውን ከግማሽ ጥቂት ዝቅ አድርጌ ብሠራ አራት ተኩሉ ይሞላልኛል፤ ቮላኖውና ወጋግራውም እንደተረጋጉ ይቀራሉ። የሚያውቅ ሰው ቢያየው ልኩ ትክክል አለመሆኑን ወዲያው ይለያል። ከመቆሚያው ሥር፣ “እነዚህ ሁለት ፑሌጃዎች በልካቸው አይደሉም” ብዬ በእርሳስ ጽፌበታለሁ።

ትልቁን ዛሬ ማታ ከዋንዛ ሁለት ንጣፍ አጣብቄ አሰርሁት። በዚህ እርጥበት ኮላው ቶሎ ስለማይደርቅ እስከ ነገ ማታ አልነካውም።