ሁለት ዲስክ፣ ሁለት ቅደም ተከተል፦ የጠፋውን መንዙማ እንዴት አወጣሁት

ፋይሉን ሬይድ ዜሮ በሚባለው አሠራር ያስቀመጠ ሰው ዲስኮቹ ያሉበት ሳጥን ሳይበላሽ በፊት ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ይሻለዋል። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ደሴ ላይ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ቤት አለኝ። ጌታ፣ ዳና፣ ጃማ ንጉሥ እየዞርኩ የቀዳሁት መንዙማ በሙሉ የተቀመጠው ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ዲስኮች በያዘ አንድ ሳጥን ውስጥ ነበር። ሳጥኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱን እንደ አንድ ባለ 4 ቴራባይት አድርጎ እንዲያሳይ ተስተካክሎ ነው የመጣው። ሬይድ ዜሮ የሚባለው ይህ ነው፦ ፋይሉ ይቆራረጥና አንዱ ቁራጭ በዚህ ዲስክ፣ ቀጣዩ በዚያ ይጻፋል። ፍጥነቱ ግሩም ነው። አንዱ ዲስክ ሲታመም ግን ጤነኛው የሚይዘው የየፋይሉን ግማሽ ብቻ ነው፤ መጠባበቂያ የለውም። ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የማሠራትን፣ የሬይድን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት የበርክሌይ ተመራማሪዎች የዘረዘሩት ከ1 እስከ 5 ያሉትን ደረጃዎች ነው፤ ዜሮው በኋላ የመጣ ነው። ባይመጣ ደግ ነበር።

መብራት ሲሄድ ሲመጣ ከርሞ አንድ ቀን ኮምፒውተሩ «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት» አለኝ። የሳጥኑ መመሪያም ይህ መልእክት ሲመጣ እሺ በሉ ይላል። እሺ አትበሉ፤ ፎርማት ዲስኩን እንደ ባዶ አድርጎ እንደገና ያዘጋጀዋል። እኔ ነቅዬ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የጥገና ቤት ወሰድኩት፤ የተቃጠልኩትም እዚያ ነው።

ሁለቱን ዲስኮች ከሳጥኑ አወጧቸው። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበረ ምልክት አላደረጉም፤ በአንድ ፌስታል ከተው መደርደሪያ ላይ ጣሏቸው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተለጠፈባቸው ፋይሎችን በፍላሽ ሰጥተው «ከዚህ በላይ አይወጣም» አሉኝ። ሒሳቡን ግን ሙሉውን ተቀበሉ።

ደሴ ተመልሼ አንዱን ከፈትኩት። የሼሁ ድምፅ አለ፤ ቃሉ ግን አይያያዝም። ከእኔ ጋር ያዳምጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ድቤ መቺ ጥቂት ታገሡና «ልጄ፣ ይህ ድቤ መች እንዲህ ተመታ?» አሉ። ለጥገና ቤቱ ስልክ ደወልኩ። ባለሙያው «ወንድሜ፣ ድምፁ ከመነሻው የተበላሸ ነው፤ መቅጃህን አስመርምር» አለኝ። መቅጃዬን!

ቁጭ ብዬ የድምፁን ሞገድ አስፍቼ አየሁት። የተቆረጠባቸው ቦታዎች እኩል ይራራቃሉ፦ 0.37 ሰከንድ፣ እንደገና 0.37። የምቀዳው በ44.1 ኪሎኸርትዝ፣ ባለ 16 ቢት ስቴሪዮ ነው፤ ይህ በሰከንድ 176,400 ባይት ይሆናል። በ0.37 ሲባዛ ወደ 65 ሺህ ባይት ይመጣል፤ ማለትም 64 ኪሎባይት (አንዱ ኪሎባይት 1,024 ባይት ነው)። የቁራጩን መጠን ያወቅሁት ከራሱ ከብልሽቱ ነው። ቀጥዬ ቁራጮቹን በእጄ አቀያየርኳቸው፤ ሁለት ሁለቱን ሳገላብጥ ድቤው ልኩን ያዘ፣ አዝማቹም ተያያዘ። ዲስኮቹን አገላብጠው ነበር ያነበቧቸው።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። አራት ዲስክ ቢሆን 24 ዓይነት አደራደር ስላለው ሰው ይሳሳታል፣ ይሰለቻል እንበል። ሁለት ዲስክ ያለው ግን ሁለት አደራደር ብቻ ነው! አንዱ አልሆን ሲል ሌላውን ለመሞከር የምን ዕውቀት ይጠይቃል? ያወጡትን ፋይል ከፍቶ አንድ ደቂቃ ያዳመጠ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነው። ትልቅ ባዶ ዲስክ ገዛሁና ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ዲዲሬስኪው በተባለው ነፃ ፕሮግራም የሁለቱንም ሙሉ ግልባጭ ወሰድኩ። ፕሮግራሙ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይገለብጣል፣ ታማሚውን ቦታ ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ የደረሰበትንም በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ሲጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል። ፕሮግራሙን ስታስነሱ የካርታ ፋይሉን ስም መስጠት ግን አትርሱ፤ ያለ እሱ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ከዚያ ግልባጮቹን እንዳይጻፍባቸው ቆልፌ ኤምዲአድም በተባለው የሊኑክስ የሬይድ መግጠሚያ ፕሮግራም ገጠምኳቸው። እዚህ ላይ «ክሪኤት» የሚለውን ትእዛዝ አትንኩ፤ ዲስኩ ላይ የራሱን መረጃ ይጽፋል። «ቢልድ» ግን ሳይጽፍ ይገጥማል። ማህደሮቹ ከነስማቸው ተከፈቱ።

ሁሉም አልዳነም። ያልተነበበ 4,096 ባይት በድምፅ ፋይል ላይ የሁለት መቶኛ ሰከንድ ያህል ክፍተት ነው፤ ጆሮ ያልፈዋል። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ በዚፕ ያሸግኳቸው ግን ክፍተቱ ከገባበት ወዲያ አልተነበቡም። ስለዚህ ቅጂ በዚፕ አታስቀምጡ፤ ማንም ምንም ቢል። ቼክዲስክ የተባለውንም የዊንዶውስ «ጠጋኝ» በታመመ ዲስክ ላይ አታስነሱ፤ የሚጠግነው እየጻፈበት ነው። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ይህ የጻፍኩት አይሠራም፤ አጥፉትና ዲስክ የሚከፈትበት ከአቧራ የጸዳ ክፍል ያለው የጥገና ቤት ፈልጉ። ሳትሰጡ በፊት ግን በማርከር 1 እና 2 ብላችሁ ጻፉበት።

ታማሚውን ዲስክ በአዲስ ተክቼ ሳጥኑን ሁለቱም ዲስክ አንድ ዓይነት ቅጂ ወደሚይዙበት ሬይድ 1 ቀይሬዋለሁ፤ መጠኑ ወደ 2 ቴራባይት ወረደ። ሌላ ቅጂ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት አለ። የጥገና ቤቱን ገንዘቤን መልሱ ብዬዋለሁ፤ የምርመራ ክፍያ አይመለስም የሚል መልስ ነው ያገኘሁት።